ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ከስምንት ወር በኋላ፦ ጥፋቱ የሷ አልነበረም

ይቺን ዴስክቶፕ ሰኔ 2017 ላይ አዲስ አበባ ወርጄ ነው የገዛኋት፣ ደብረ ብርሃን ላለችው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቴ። ኮር አይ 5 3470፣ 8 ጊጋ ራም። ፕሮሰሰሩ በፈረንጅ 2012 የወጣ ነው፣ አሮጌ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት፣ አራት ኮር 3.2 ጊጋኸርዝ ለማመልከቻና ለተማሪ ሪሰርች ይበቃል ብዬ። ይበቃልም። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፣ የምጽፈው ስለ ፋኑ ነው።

ጥቅምት ላይ ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔት አስገባሁ፣ ከዛ ሳምንት ጀምሮ ፋኑ መጮህ ጀመረ። የደብረ ብርሃንን የህዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ውጭ ያደረ ባልዲ ላዩ በረዶ ይሰራል፣ እኔ ጋቢ ደርቤ እጄን እያሻሸሁ ነው ሱቅ የምከፍተው፣ እሷ ግን በተከፈተች በሩብ ሰዓት ከጀርባዋ የሚወጣው አየር እርጥብ ጨርቅ ያደርቃል። እንደዛ ባለ ብርድ ምንም ሳልሰራባት ለምን ትግላለች?

ደግሞ ስታክ ማድረጉ። በአማርኛ የሚታይፕ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ "መ" ለመጻፍ መጀመሪያ "ም" ነው የሚመጣው፣ አናባቢውን ስትነካ ነው ወደ "መ" የሚቀየረው። እኔ ጋ "ም" ብሎ ይቆማል፣ ቆይቶ ቆይቶ ሦስት አራት ፊደል ባንዴ ይዘረግፋል፣ ግማሹ ሳድስ ሆኖ ይቀራል፣ ተመልሼ ሳርም ሌላው ይበላሻል። አንድ ቀን ከአንጎለላ የመጡ አባት የመሬት ማመልከቻ እያጻፉኝ ግማሽ ገጽ ሳይሞላ መሸብን። "ልጄ፣ መኪና ያመልጠኛል" አሉኝ። በእስክሪብቶ ጽፌ ሰጠኋቸው፣ ብርም አልተቀበልኳቸውም። ማታውን ከንክኖኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለሙያ ጠራሁ። "እህቴ፣ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። አዲስ ግዢ ማለት ቀላል ነው! ለማንኛውም ከፍተን አቧራውን አራገፍን፣ ከፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት፣ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል፣ አጽድተን አዲስ ቀባን። ሙቀቱ ትንሽ ወረደ፣ ጩኸቱ ግን በማግስቱ ተመለሰ። ከጀርባ ሆነው ማሽን ያዘገያሉ የሚባሉትን የዊንዶውስ ሰርቪሶች፣ ሲስሜይንንና ዊንዶውስ ሰርችን፣ አጠፋሁ፣ ፕሪንተሩ ላይ ተንጠልጥለው የቀሩ ፋይሎችን ከስፑል ፎልደር፣ ለፕሪንት ወረፋ ከሚይዙበት፣ አጸዳሁ። ለውጥ የለም።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። ኮንትሮል ሺፍት ኢስኬፕ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን፣ የትኛው ፕሮግራም ማሽኑን ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚያሳየውን፣ በከፈትኩ ቁጥር ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ለአንድ አፍታ 100 ፐርሰንት ያሳይና ወዲያው 6 ላይ ይወርዳል። ፋኑም ዝም ይላል። ስዘጋው ደቂቃ ሳይሞላ ይጮሃል። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ፣ አሥር ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አሥሩንም ጊዜ ያው። የኢንተርኔቱን ገመድ ስነቅለውም እንደዛው ይረጋጋል። ያኔ ነው የገባኝ፣ የሆነ ነገር ሲታይ ይደበቃል። ሳምንት ሙሉ ታስክ ማናጀርን ጥግ ላይ ከፍቼ ነው የሰራሁት፣ ፊደሉም እንደ ድሮው እሺ አለኝ።

ከዛ ወደ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገባሁ፣ ኤክስክሉዥን የሚለውን፣ ማለትም አንቲቫይረሱ እንዳይፈትሽ የተባለውን ዝርዝር ከፈትኩ። ሲ ድራይቭ እንዳለ ተመዝግቧል። ሙሉው! አንቲቫይረሱ በር ላይ ቆሞ ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር ማለት ነው። ዝርዝሩን አጥፍቼ ሙሉ ስካን ሳስደርግ ክሪፕቶ ማይነር አወጣ፣ በሰው ማሽን ተደብቆ ለባለቤቱ ዲጂታል ሳንቲም የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራም ዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ከዊንዶውስ አክቲቬተሩ ጎን፣ ያልተከፈለበትን ዊንዶውስ እንደተከፈለበት ከሚያስመስለው፣ የፎልደሩ ቀን ሻጩ ዊንዶውስ የጫነበት የሰኔው ቀን። በኔ ፕሮሰሰር፣ በኔ ቆጣሪ ካርድ፣ የማላውቀው ሰው ሳንቲም ሲቆፍር ከረመ። ካርዱ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አሁን ሻጩን ባገኘው የምለው አለኝ። "ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርጌልሻለሁ፣ አንቲቫይረሱን እንዳትነኪው" ያልከኝ አንተ ነህ። አላወቅኩም ትል ይሆናል፣ ምናልባትም እውነትህን ነው፣ ፋይሉን ከሆነ ቦታ አውርደህ ለሁሉም ደንበኛ የምትጭነው ይሆናል። ግን ሳታውቅ ለስንት ሰው ሰጠኸው? ስንቱስ "አርጅታ ነው" ተብሎ ደህና ማሽን ጣለ? እኔም ልጥላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ስካኑ ቢያጠፋውም አላመንኩትም፣ ሙሉ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 10ን ከማይክሮሶፍት ከራሱ በፍላሽ አውርጄ ጫንኩ፣ ያለ አክቲቬተር። ጥግ ላይ አክቲቬት አድርጊ የሚለው ጽሑፍ አለ፣ ይኑር። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይቺን ባለ 3ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበላትም፣ ስለዚህ በሷ ባንክም ኢሜይልም አልከፍትም፣ ለጽሑፍና ለፕሪንት ብቻ ናት።

አሁን የካቲት ነው። ዝም ብላ ስትቀመጥ 3 ወይ 4 ፐርሰንት ናት፣ ዎርድ ከፍቼ በፓወር ግዕዝ፣ በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም፣ ስታይፕ እጄን እኩል ትከተለኛለች፣ ፋኑን ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። እኒያ አባት ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ደብዳቤ ይዘው መጡ፣ ሻዩ ሳይበርድ ጨርሼ ሰጠኋቸው።

ለሁለተኛው ጠረጴዛ ያው ሞዴል ልገዛ ነው። ሃርድ ዲስኩን ባዶ አድርጎ ከሚሸጥልኝ ሰው።