የጣቱ ኦክሲሜትር ወይስ ባለኬብሉ? ደሴ ላይ ሆኖ ለሚገዛ

ኦክሲሜትር በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በመቶኛ የሚለካ መሣሪያ ነው። ለቤት ከሆነ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ይበቃችኋል። ለጤና ጣቢያ ከሆነ ግን ባለኬብሉን ግዙ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ሁለቱም የሚሠሩት በብርሃን ነው። ቀይና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣታችን ውስጥ ያልፋል፤ ከማዶ ያለው ሴንሰር የተረፈውን ይለካል። ኦክሲጅን የያዘ ደም ቀዩን በደንብ ያሳልፋል፤ ኦክሲጅን ያነሰው ግን ያስቀረዋል። ቁጥሩ የሚወጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

እንግዲህ ደም ጣት ላይ ካልደረሰ መሣሪያው ምን ይለካል? ባለፈው ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በዋለበት ቀን እናቴን ጠዋት ለካኋት። ጣቷ በብርድ ቀዝቅዞ ስለነበር ስክሪኑ ላይ ሰረዝ ብቻ ወጣ። ትኩስ የቡና ሲኒ በሁለት እጇ አስያዝኳትና ትንሽ ቆየን። 93 በመቶ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህ ቁጥር ብቻውን አያስደነግጥም። ትንፋሽ ካጠረ ግን ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ወደ ሐኪም ነው።

ጣት ላይ መለካት ሲያስቸግር ባለኬብሉ ይበልጣል። ፕሮቡ፣ ማለትም በኬብሉ ጫፍ ያለው ሰውነት ላይ የሚደረገው መለኪያ፣ ይቀየራል። ለጨቅላ ሕፃን እግር ላይ የሚጠቀለል አለ፤ የአዋቂው መቆንጠጫ እዚያ አይሆንም። ለጆሮ የሚሆንም አለ። ሠርግ ሰሞን ጣቷን ጥቁር ሂና የተቀባች ሴት ብትመጣ ጆሮዋ ላይ ትለካላችሁ፤ ጥቁሩ ሂና ብርሃኑን ያግዳልና።

ችግሩ፣ ቀድሞ የሚበላሸው ፕሮቡ ነው። ኬብሉ ሶኬቱ አጠገብ ይበጠሳል። ሶኬቱ ስለተመሳሰለ ብቻ የሌላ ብራንድ ፕሮብ ይሠራል ማለት አይደለም። መለዋወጫ የማያመጣ ነጋዴ ጋ ባትገዙ እመርጣለሁ።

ፋይበር ኦፕቲክ (ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ክር) ያለው ደግሞ ለኤምአርአይ ክፍል፣ ማለትም በኃይለኛ ማግኔት የሰውነት ውስጥ ምስል ለሚነሳበት ክፍል፣ የተሠራ ነው። ብርሃኑን የሚያመላልሰው የመዳብ ሽቦ ሳይሆን ይህ ክር ስለሆነ እዚያ ውስጥ ግሎ ቆዳ አያቃጥልም። ኤምአርአይ ለሌለው ጤና ጣቢያ ገንዘቡን ለሕፃናት ፕሮብ ብታውሉት ይሻላል።

አንድ ነገር ሁለቱንም ይመለከታል፦ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ንባቡ ከእውነቱ ከፍ ሊል ይችላል። በ2020 አሜሪካ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ንባብ ይዛችሁ አትረጋጉ፤ ደጋግማችሁ ለኩ።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። የልብ ምቱ ሞገድ እኩል እየወጣ እየወረደ መሄድ አለበት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ እርሳስ አስነክሱት። ሳይነካ የተቀመጠ እርሳስ ላይ 97 ብሎ ካነበበ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።