ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ቦሌ ላይ ብስክሌት የነዳሁበት አምስት ሳምንት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ለገና አገር ቤት የገባሁት ሥራዬን ተሸክሜ ነው። ፈቃዴ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ እማዬ ጋ አምስት ሳምንት መቆየት ፈለግሁ። አለቃዬ ሰዓቱን እስከጠበቅሽ ድረስ እዚያው ሆነሽ ሥሪ አለችኝ። የምሠራው የሆስፒታል ሂሳብ ነው። ላፕቶፕና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ካለ ሌላ ነገር አይፈልግም።

ሰዓቱ ግን ቀላል አልነበረም። በፈረንጅ ክረምት በሜሪላንድና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት 8 ሰዓት ነው። እዚያ ጠዋት ሥራ ሲገባ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። የምጨርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ተኝቼ የምነሳው ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ያን ጊዜ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመልሳለች፣ ቡናው ተቆልቷል፣ ጎረቤት ገብቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ቡና፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጨዋታ፣ ከዚያ ላፕቶፕ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወገቤ ተያዘ፣ እንቅልፌም ተዛባ።

ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገራችሁ። አባቴን የወሰደብን ስኳር ነው። እኔንም ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሜ «ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ቆሟል» ስትለኝ ክው ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን የስፒኒንግ ክላስ እገባለሁ። ቁጥሩ ወርዶልኛል። ስለዚህ አምስት ሳምንት እንዲሁ እንዲባክን አልፈለግሁም።

ስፒኒንግ ለማያውቅ ሰው፦ ብስክሌቱ አንድ ቦታ የቆመ ነው። ከፊቱ ከባድ የብረት ጎማ አለው። መሪው ሥር ያለችውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ባዞራችኋት ቁጥር ፔዳሉ ይከብዳል። አሰልጣኟ ፊት ለፊት ተቀምጣ በሙዚቃ ትመራለች። «ዳገት» ስትል ታከብዳላችሁ፣ «ሜዳ» ስትል ታቀላላችሁ። ነገሩን ያስፋፋው ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ካሊፎርኒያ የኖረ ጆኒ ጎልድበርግ የሚባል ብስክሌተኛ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ሶልሳይክል የሚባል የስፒኒንግ ቤት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላ ምንም ዕቃ የሌላቸው፣ አንድ ክላስ ብቻ የሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች በየከተማው የበዙት። አሜሪካ ውስጥ ቡቲክ ስቱዲዮ ይሏቸዋል። እዚያ ለአንድ ክላስ ከ30 ዶላር በላይ መክፈል የተለመደ ነው።

አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የሄድኩት ትልቅ ጂም ነበር። ስሙን አልጠራም። መግቢያው ያምራል፣ ሪሴፕሽን ላይ ያሉት ልጆችም ትሑት ናቸው። የአንድ ወር ከፈልኩ። የጠየቁኝ ስልክ ቁጥሬን ብቻ ነው። በፕሮግራሙ መሠረት ማክሰኞ ስሄድ አሰልጣኙ የለም። ሐሙስ ስሄድም የለም። የደወለልኝ ሰው የለም። «ነገ ይመጣል» አሉኝ። ብቻዬን ልንዳ ብዬ ብስክሌቱ ላይ ስወጣ የሁለቱም ፔዳል ማሰሪያ ተበጥሷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የስፒኒንግ ብስክሌት ጎማ ከፔዳሉ ጋር አብሮ ስለሚዞር እግር ቢያመልጥ ፔዳሉ አይቆምም፣ ተመልሶ መጥቶ ቅልጥምን ይመታል። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ጠየቅሁ፣ አልተመለሰም። በጣም ነው ያዘንኩት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ከእማዬ ጋር የማሳልፋቸውን ሁለት ጠዋቶች በላብኝ።

ሁለተኛውን ቤት ያገኘችልኝ እህቴ ናት። ቦሌ ውስጥ አንድ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። 12 ብስክሌት ብቻ። የጠዋቱ ክላስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያ ለኔ እኩለ ሌሊት ማለት ነው። ግን 5 ሰዓት ላይ ሌላ ክላስ አላቸው። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደረሱ እናቶችና ማታ ማታ የሚሠሩ ሰዎች ይመጣሉ። ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበረች። እንደኔ ቀኑ የተገለበጠበት ሰው ከተማው ውስጥ መኖሩን ሳውቅ ደስ አለኝ።

አሰልጣኟ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። መጀመሪያ «እርስዎ» አለችኝ፤ አንቺ በይኝ አልኳት። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። መቼ ነው የገባሽው? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ጉልበትሽን ያምሻል? ዛሬ ቀምሰሽ ነው የመጣሽው ወይስ እየጾምሽ ነው? ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ካለ ከፊት አታስቀምጠውም፤ በሩ አጠገብ ታደርገውና ከብዶት እንደሆነ ደጋግማ ታየዋለች። ውሃ የማይጠጣ ከሆነ ደግሞ «ዛሬ ቁጭ ብለሽ በቀላሉ ብቻ ንጂ» ትላለች።

ኮርቻውን ራሷ አስተካከለችልኝ። ከብስክሌቱ ጎን አቆመችኝና ኮርቻውን ከዳሌ አጥንቴ ጋር እኩል አደረገችው። ስቀመጥ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቴ በትንሹ መታጠፍ አለበት። ዘንበል ብላ ጉልበቴን አየች፣ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አደረገችው፣ እንደገና አየች። ከዚያ በትንሽ ወረቀት ላይ «ኮርቻ 6፣ መሪ 4» ብላ ጻፈችና ሰጠችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ዓመት ሙሉ ስነዳ እንዲህ ያየኝ ሰው አልነበረም። ግራ ጉልበቴን የሚያመኝ ለካ ኮርቻው ዝቅ ብሎብኝ ኖሯል።

ከፍታውንም ያስረዳችኝ እሷ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይህ እኔን አይመለከትም ብዬ ነበር። ሰውነት ግን ይረሳል። እዚያ በለመድኩት ክብደት ስነዳ ሰዓቴ የልብ ምቴን 145 ነበር የሚያሳየኝ፤ እዚህ የመጀመሪያው ቀን 168 አለኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ጭንቅላቴ ዞረ። ልጅቷ መጥታ ቁልፏን በእጇ ወደ ግራ መለሰችው። «ሁለት ሳምንት ስጪው» አለችኝ። እውነትም በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሼ ተመለሰ።

ከውጭ ለምትመጡ ይህን አደራ እላለሁ። መጀመሪያ ቀን አትፎካከሩ። ስፒኒንግ ለምዶ የማያውቅ ሰው አንደኛው ቀን ላይ ራሱን ካደቀቀ ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊት ድረስ ሊያደርስ ይችላል። በማግስቱ ጭኑ አብጦ፣ ከልክ በላይ አሞት፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ በፍጥነት። ይህንንም ልጅቷ ለአዲስ ሰው ሁሉ ሳትናገር ክላስ አትጀምርም።

አንድ ቀን መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሙዚቃው ተቋረጠ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ ክፍሉም ጨለም አለ። አንዷ ልትወርድ ስትል አሰልጣኟ «ማንም አይውረድ፣ ይሄ መብራት አይፈልግም» አለች። እውነቷን ነው፤ ብስክሌቱ የሚዞረው በእግር ነው። መጋረጃውን ገለጠችና ማጨብጨብ ጀመረች። ቀስ እያልን እኛም ተቀበልናት። መሪውን በአንድ እጅ ይዘን በሌላው ጭናችንን እየመታን ነዳን። ነርሷ ዜማ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። የጎማዎቹ ጉምጉምታ፣ ጭብጨባው፣ በመስኮቱ የሚገባው የታክሲ ረዳት ጥሪ አንድ ላይ ሆነ። 15 ደቂቃ ያህል እንዲያ ሄድን። መብራቱ ሲመጣ ሙዚቃውን የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ልጅቷም መልሳ አልከፈተችውም። እንባዬ ከላቤ ጋር ወረደ። ስንት ዓመት ነው ከሰው ጋር እንዲህ ያላጨበጨብኩት?

ጉድለት የለም አልልም። ሰባተኛው ብስክሌት ይጮኻል። ሻወሩ አንድ ነው፤ መብራት በሄደ ቀን ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ፎጣና ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ። ከአሜሪካ ያመጣሁት የብስክሌት ጫማ ለፔዳላቸው አልሆነም፤ ሶሉ ጠንከር ያለ ተራ ስኒከር ይሻላል። የድምፅ ማጉያው አጠገብ ከተቀመጣችሁ ጆሮ ይጎዳል። የውጭ አገር የባንክ ካርድ አይቀበሉም፣ በቴሌብር ነው የከፈልኩት። የ10 ክላስ ትኬት ገዛሁ። በነጠላ ሲታሰብ እዚያ ከምከፍለው ሲሶው አይሞላም፤ ግን ለብዙው የከተማው ሰው ይህም ውድ መሆኑን አውቃለሁ። በሰዓቱ ይጀምራሉ፣ ይህ ለኔ ትልቁ ነገር ነው። 5 ሰዓት ካሉ 5 ሰዓት ነው። 45 ደቂቃ ነድቼ፣ ታጥቤ፣ ራይድ ጠርቼ 7 ሰዓት ሳይሞላ ቤት እገባለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሦስት ቀን ስገባ 135 ደቂቃ ይሆንልኛል። እሑድ እሑድ ደግሞ ከእህቴ ጋር እንጦጦ ፓርክ ወጥተን በባሕር ዛፉ መሃል እንራመድ ነበር። እንጦጦ ላይ አልሮጥም፤ እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

ከክላስ በኋላ የሚበላው ነገር አገር ቤት ሞልቷል፣ በተለይ በጾም። እማዬ በሶ በውሃ በጥብጣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጋ ትጠብቀኛለች። አሜሪካ በየጣሳው ከምገዛው ዱቄት ይልቅ ይኼ ነው ጉልበቴን የመለሰው። ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት። እንጀራውን ቀንሼ ጎመኑን ሳበዛ እማዬ ቅር ይላታል። «በሞቴ ይቺን ብቻ» ትላለች። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስለ አባዬ አወራኋት። ለምን እንደምሸሽ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኒዬ ውስጥ ስኳር አልጨመረችም፣ ጎረቤት ሲያጎርሰኝም «ተዋት፣ ጠግባለች» ትልልኝ ጀመር። ጭማቂ ቤት ስትገቡም ቀድማችሁ «ያለ ስኳር» በሉ። አቮካዶና ማንጎ ተደርቦ የሚመጣው ስፕሪስ ለብቻው ጣፋጭ ነው፤ ካልተናገራችሁ ስኳር ይጨምሩበታል።

ስለ ሥራው በአጭሩ፦ እማዬ ቤት ኢንተርኔቱ ማታ ማታ ይቆራረጥ ስለነበር ሁለት ጊዜ ስብሰባ አመለጠኝ። ከዚያ ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ውስጥ ጠረጴዛ በወር ተከራየሁ፤ ዘበኛው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይጠብቀኛል፣ ታክሲው በር ድረስ መምጣቱን ሳያይ አይለቀኝም። ሌሊት ለምትሠሩ ሴቶች ከኢንተርኔቱ ፍጥነት በፊት ይህን ጠይቁ።

ለጥምቀት ሳልደርስ ነው የተመለስኩት። ከአሥሩ ትኬት ሁለት ተርፎኝ ነበር። ለእህቴ ይሁንላት ስል ወዲያው ስሟን ጻፉ፤ ይህንም አመሰግናለሁ። እህቴ ስፖርት ሠርታ አታውቅም፣ የደም ግፊት አለባት። ትናንት ሥራ ላይ ሆኜ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከደረጃው እየወረደች ነው፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «ስሚ» ትላለች፣ «ያቺ ልጅ ገና ከመግባቴ የግፊት መድኃኒትሽን ዛሬ ወስደሻል ወይ አለችኝ። ወረቀትም ጻፈችልኝ። ኮርቻ 5፣ መሪ 5።»