ሊኑክስ ሚንት 22 ባገለገለ ላፕቶፕ ላይ፦ ጅማ ውስጥ ለማን ይሆናል?

ሊኑክስ ሚንት በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነጻ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከ8ኛ ትውልድ በታች የሆነ ኢንቴል ፕሮሰሰርንም በይፋ አይቀበልም። ያለ ፈቃድ በክራክ የሚጫነውን ዊንዶውስ ከምርጫ እናውጣው። ማስከፈቻ ፋይሉ ገና ሲጀምር አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ የሚል ነውና ከእሱ ጋር ምን እንደገባ አይታወቅም።

4 ጊጋ ራም ላለው ላፕቶፕ የሚንት 22ን ኤክስኤፍሲኢ የተባለ ቀለል ያለ እትም እንመርጣለን። ክፍያ አይጠይቅም፣ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ ይበቃዋል፣ ማሻሻያውም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል። ማሻሻያ ከማውረዱ በፊት ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጫኛው ፋይል ግን ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግቢው ኔትወርክ ቢያወርደው ይሻለዋል።

ዋናው ፈተና አማርኛው ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃዋል። ለአማርኛ ግን ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ የተባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራምና ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪ ጥቅሉን ይጫኑ፤ በግቤት ዘዴ ቅንብር አይባስን መርጠው ከአካውንትዎ ወጥተው ይግቡ፤ ከዚያ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት የሚያስጽፈውን «ሴራ» የተባለ አጻጻፍ ይጨምሩ። ወጥቶ መግባቱ ከተዘለለ ኪቦርዱ አይሠራም። የዊንዶውስ በሆነው በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሚንት ላይ ሌላ ፎንት ስለሚተካለት መስመሩ ይዛነፋል፤ ኮፒ ቤት የሚሄደውን ሁሉ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ግን ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።

ከኮፒ ቤት በተመለሰ ፍላሽ ላይ ፋይሉ ጠፍቶ ሾርትከት ብቻ ሲቀር ሚንት የተደበቀውን ፋይል ያሳያል፣ ሾርትከቱም አይነሳም። በአንጻሩ ፍላሹን «ኢጀክት» ሳይሉ መንቀል አደገኛ ነው፤ ሲስተሙ ፋይሉን ፍላሹ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ የጨረሰ ሊመስል ይችላል።

ሲጭኑ የመጫኛውን ፋይል ሩፉስ በተባለ የዊንዶውስ ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይጻፉ፤ ላፕቶፑን ሲያበሩ ዴል ላይ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን ተጭነው ከፍላሹ ያስነሱ። ሳይጭኑ መሞከር ስለሚቻል ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን እዚያው ይፈትሹ። ዋይፋይ ካልታየ ብዙ ጊዜ ካርዱ የብሮድኮም ኩባንያ ነው፤ ስልክዎን በዩኤስቢ አገናኝተው ኢንተርኔት ይስጡትና ከድራይቨር ማኔጀር የካርዱን ድራይቨር ይጫኑለት። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለው ምርጫ ፎቶውንም ሰነዱንም ሁሉ ያጠፋል፤ አስቀድመው ይገልብጡ።

ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ የሄርማታ መርካቶ ነጋዴ ግን ከነፈቃዱ ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። ፕሮግራሙ ለሊኑክስ አልተሠራም፤ የሱቅ ሒሳብ ደግሞ መሞከሪያ አይሆንም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጭን ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፋስት ስታርትአፕ የተባለ የፈጣን ማስነሻ ቅንብር ያጥፋ፤ አለዚያ ሚንት የዊንዶውሱን ዲስክ ለንባብ ብቻ ይከፍትለታል።