የድሮ ስቴካ ባጅ እድሳት፦ ፊደሉ ግሩም፣ ንጣቱ ግን ያስነቃል

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ በፖስታ እየተቀበለ የሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። የድሮ ስኑከርና ቢሊያርድ ስቴካዎችን ባጅ ያድሳል፤ በመያዣው ጫፍ፣ እንጨቱ ጠፍጣፋ ሆኖ በተላገበት ቦታ የተለጠፈውን፣ የሠሪው ስም ያለበትን ቁራጭ ማለት ነው።

ከተላኩት ሥራዎች ከባዱ የቢሊያርድ ተጫዋቹ የቶም ሪስ ስም ያለበት ባጅ ነበር። ሪስ እ.ኤ.አ. በ1907 በቢሊያርድ 499,135 ነጥብ ሳያቋርጥ ስላስቆጠረ ቁጥሩ በስሙ በተሸጡት ስቴካዎች ባጅ ላይ ሰፍሯል። ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ እዚህ ግን 9ኞቹ ሆዳቸው ጠፍቶ 4 መስለዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ቀለሙ እንጂ ቅርጹ አይደለም። ወርክሾፑም ይህን ያውቃል፤ ለመቅረጽ አይቸኩልም። የተቀረጸውን የፊደል ቦይ በስቴኪኒ ጠርጎ ጥቁር የዘይት ቀለም ይሞላና አንድ ቀን ሙሉ ይተወዋል። ከዚያ የተረፈውን ቀለም አኳራጅ በነካካው ጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ግን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተወጠረ ነው። ልል ጨርቅ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ያወጣዋል። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሞክር ሰው ባጁን ይሰናበተው፤ በውስጡ ያለው አሴቶን እንዲህ ያለው ባጅ የተሠራበትን ሴሉሎይድ፣ ማለትም የድሮ ፕላስቲክ፣ ያቀልጣል።

ቅርጹ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ከተበላ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ በሹል መቁረጫ ይደገማል። ሌዘር አይጠቀሙም፤ ትክክል ናቸው፣ ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ድክመቱ አዲስ ባጅ ላይ ነው። ቁራጩ እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ መቶ ዓመት የቆየ ዞጲ ላይ ሲቀመጥ ከሩቅ ይጮኻል። አንዱ ደግሞ ከእንጨቱ በጥፍር ውፍረት ከፍ ብሎ ተለጥፎ፣ ከተቀረጸ በኋላ ስለተፋቀ የዳር ፊደላቱ ቀጥነዋል። ደንቡ ሳይለጥፉ ገጥሞ ማስተካከል፣ ቀጥሎ መቅረጽ፣ መጨረሻ ማጣበቅ ነው። አሮጌው ሙጫ እስከ እንጨቱ ድረስ ካልተፋቀ ደግሞ አዲሱ ማጣበቂያ፣ ኢፖክሲው፣ አይይዝም፤ በእጅ ላብ ይነሳል።

የዝሆን ጥርስ ባጅ ያለው ስቴካ ለሽያጭ የሚታደስ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በብሪታንያ ንግዱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከ1947 በፊት ለተሠራና ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች ለሆነ ዕቃ የሚሰጠው ፈቃድም ምዝገባ ይጠይቃል።

ቀለም ለማስሞላት ያለ ስጋት ይላክላቸው። አዲስ ባጅ ለሚያሠራ፣ ክሬም መልክ ያለው ቁራጭ ብሎ ማዘዝ፣ የፊደሉን ቅርጽ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስቶ ማያያዝ፣ አሮጌው ቢሰነጠቅም እንዲመለስ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካልተጠየቁ ይጥሉታል።