ቬጋስ የት ልደር፦ ስትሪፕ ወይስ ፍሪሞንት?

ላስ ቬጋስ ልትሄዱ ነው? ከቲኬቱ ቀጥሎ የምትወስኑት ማደሪያውን ነው። ወይ ትልልቆቹ የካዚኖ ሆቴሎች የተደረደሩበት ስትሪፕ የሚባለው ጎዳና፣ ወይ መሀል ከተማ ያለው ፍሪሞንት ጎዳና።

ስትሪፕ በፊልም የምታዩት ነው። የቤላጂዮ ሆቴል ውሃ ከሙዚቃ ጋር ሲደንስ ማየት በነፃ ነው፣ ኤርፖርቱም ቅርብ ነው። ርቀቱ ግን ይሸውዳል። «ያ ሆቴል እኮ እዚህ ነው» ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ደረጃ ወጥታችሁ፣ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ መውጫው በማይታወቅ ካዚኖ መሀል ዞራችሁ ስትወጡ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ጎዳናው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ስኒከር ያዙ።

ሌላው ሪዞርት ፊ የሚሉት ነገር ነው፤ ለመዋኛ ገንዳና ለመሳሰሉት እያሉ ከክፍሉ ዋጋ ላይ በየቀኑ የሚጨምሩት ክፍያ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ርካሽ ክፍል አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄጄ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የተጨመረብኝ የየቀኑ ክፍያ ከክፍሉ ዋጋ በለጠ። ዋኝቼ እንኳ አላውቅም! ጠቅላላ ዋጋውን ሳታዩ ካርድ አታውጡ።

ፍሪሞንት አሮጌው ቬጋስ ነው። እዚያ ያለው ጎልደን ጌት ሆቴል በ1906 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል፣ ክፍሉም ጨዋታውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስትሪፕን ማየት ካማራችሁ ዱስ የሚባለው አውቶቡስ 24 ሰዓት ይመላለሳል። ታክሲ ከያዛችሁ ደግሞ ሹፌሩ «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» ቢላችሁ አይግረማችሁ።

እኔ? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስትሪፕ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ፍሪሞንት። ግን ፍሪሞንት ካደራችሁ በጎዳናው በኩል ያለ ክፍል እንዳይሰጧችሁ፤ ሙዚቃው እኩለ ሌሊት ላይም መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል።