«ነጭ እንቁላል ጣይ» ተብለው ጅማ ውስጥ ስለሚሸጡ ቢጫ ጫጩቶች፦ ለገዢዎች ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው በጅማ ከተማና በአካባቢዋ በጓሯችሁ ጥቂት ዶሮ አርብታችሁ የቤት ወጪያችሁን ከእንቁላል ለመደጎም ላሰባችሁ ሁሉ ነው። ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ከአንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ «ነጭ እንቁላል ጣይ ናቸው፣ ሁሉም ሴት ናቸው» ተብዬ 60 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። ስልሳዎቹም ቦቫንስ ብራውን የሚባለው፣ ቡናማ እንቁላል የሚጥለው የፈረንጅ ዶሮ ወንዶች ሆነው ተገኙ።

ሰውየው በማለዳ ከመርካቶ በታች ባጃጁን አቁሞ፣ ቀዳዳ ባላቸው ካርቶኖች ሁለት ዓይነት ጫጩት ይዞ ነበር፤ በአንዱ ቡናማ፣ በሌላው ደማቅ ቢጫ። ቡናማዎቹ የቦቫንስ መሆናቸውንና አስቀድሞ ለታዘዘለት ደንበኛ መያዛቸውን ነግሮን፣ ቢጫዎቹ ግን ሲያድጉ ነጭ እንደሚሆኑ፣ ነጭ እንቁላል እንደሚጥሉና መኖም እንደማይፈጁ አስረዳን። ዋጋቸው ከቡናማዎቹ ከግማሽ በታች ነበር። ያን ጊዜ መጠየቅ የነበረብኝ «ለምን ረከሱ?» የሚለውን ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ በሚል ጥድፊያ በቴሌብር ከፍዬ፣ ደረሰኝ ሳልቀበል ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። በካርቶኑ ጎን ላይ ተለጥፎ የነበረ ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ መቅረቱን ያስተዋልኩት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ያኔም ምንም አልመሰለኝም።

የቡና ገለባ አንጥፌ፣ አምፖል ሰቅዬ፣ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባታቸውን በጊዜው አስከትቤ አሳደግኋቸው፤ የሞቱብኝ አራት ብቻ ናቸው። በስድስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ እማማ ወንፊት ሊዋሱ መጥተው በሽቦው አጠገብ ቆመው ቀሩ። ሁለት ጫጩቶች የአንገታቸውን ላባ አቁመው፣ ደረት ለደረት ገጥመው ይተያዩ ነበር። እማማ ጥቂት ካዩአቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ እንቁላሉን ከየትኛው ልትጠብቅ ነው? እነዚህ እኮ ሁሉም አውራ ናቸው» አሉኝ። የፈረንጅ ዶሮ እንዲህ ነው ብዬ ተከራከርኳቸው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። በአሥረኛው ሳምንት ጎህ ሲቀድ አንዱ በተሰነጠቀ ድምፅ ጮኸ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሌሎቹም ተከተሉት። የጠራሁት የእንስሳት ሐኪም አንዱን አንስቶ ትከሻው ላይ የተበተኑትን ዝገት የመሰሉ ላባዎችና ከጆሮው ሥር ያለችውን ቀይ ቆዳ አሳየኝና ነገሩን በሁለት ደቂቃ ጨረሰው። ነጭ እንቁላል የሚጥለው ነጭ ሌግሆርን የሚባለው ዝርያ ቢሆን ኖሮ ያቺ ቆዳ ስትጎለምስ ነጭ ትሆን ነበር።

ማታለያው የተመሠረተው በእውነተኛ ነገር ላይ ስለሆነ አሠራሩን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ቦቫንስ ብራውን የተለያዩ የወላጅ መስመሮችን በማዳቀል የሚገኝ ዲቃላ እንጂ ንጹሕ ዝርያ አይደለም። አባትየው ወርቃማ ቀለም የሚሰጥ ዘር ይዞ፣ እናትየዋ ደግሞ ያንን ወርቃማ ቀለም የሚሸፍን ነጭ የሚያደርግ ዘር ይዛ ይገናኛሉ። ይህ የቀለም ዘር የሚገኘው ጾታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ በአእዋፍ ዘንድ ደግሞ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው፣ ከሰው በተቃራኒ፣ እናቲቱ ናት። ሴቷ ጫጩት የቀለሙን ዘር የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ ስለሆነ ቡናማ ሆና ትፈለፈላለች፤ ወንዱ ግን ከሁለቱም ስለሚወርስና የእናቱ ነጭ የአባቱን ወርቃማ ስለሚሸፍነው ቢጫ ሆኖ ይፈለፈልና ሲያድግ ነጭ ይሆናል። ጫጩት ማስፈልፈያዎች ወንዱን ከሴቷ በአንድ ቀን ዕድሜ በቀላሉ የሚለዩት በዚህ ነው፤ ለእንቁላል የሚፈለጉት ቡናማዎቹ ስለሆኑ ቢጫዎቹ በርካሽ ይወገዳሉ። እንግዲህ ነጋዴዬ «ሲያድጉ ነጭ ይሆናሉ» ሲለኝ አልዋሸም። የዋሸው በጾታቸውና በዝርያቸው ነው።

ስለዚህ ቢጫ መሆን ዝርያ አይደለም። አንድ ቢጫ የአንድ ቀን ጫጩት ነጭ እንቁላል የሚጥለው ሌግሆርን ሊሆን ይችላል፤ እንደ ኮብ 500 ወይም ሮስ 308 ያለ የሥጋ ዶሮም ሊሆን ይችላል፤ እንደ እኔዎቹም የቡናማ እንቁላል ጣይ ወንድ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዕድሜ ሦስቱን በዓይን ብቻ ለይቼ እሰጣችኋለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። የሥጋ ዶሮ ከሆኑ በሁለተኛው ሳምንት በእግራቸው ውፍረትና በክብደታቸው ራሳቸውን ያጋልጣሉ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናሉና። የሌግሆርንና የቦቫንስ ወንድ ግን እስከዚያም ያምታታሉ።

ቡናማ ስለሆነ ብቻ መተማመንም አይገባም። አንዳንድ ሰዎች የቦቫንስ ሴቶችን ከዚያው ከነጩ የቦቫንስ አውራ ጋር አገናኝተው፣ እንቁላሉን አስፈልፍለው ቡናማዎቹን ጫጩቶች «ሴት» ብለው ይሸጣሉ። ነጩ አውራ ከእናቱ ነጩን፣ ከአባቱ ወርቃማውን ስለወረሰ ለልጆቹ ሁለቱንም እኩል ያድላል፤ በመሆኑም በሁለተኛው ትውልድ ቡናማ ወንድም ቢጫ ሴትም ይወለዳል፣ ቀለሙም ስለ ጾታ ምንም አይናገርም። ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉ አሉ፤ ሳያውቁት የሚያደርጉት ግን ይበዛሉ ብዬ እገምታለሁ። ኩኩክ የሚባለው ዥንጉርጉር ዝርያ ግን ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ከትውልድ ወደ ትውልድ በራስ ላይ ባለው ነጭ ነጥብ ይለያል፤ የወንዱ ነጥብ ሰፋ ይላል። ሳሶ የሚባሉትን ዶሮዎች ግን በአንድ ቀን ዕድሜ በቀለም መለየት አትችሉም።

ኪሳራው በጫጩቱ ዋጋ አይለካም። በአሥር ሳምንት ውስጥ 56ቱ ዶሮዎች አንድ ኩንታል ተኩል ያህል መኖ በልተዋል፤ እማማንም የዶሮውንም ጩኸት አልሰማም ብዬ እንቁላል እስከሚጠበቅበት እስከ 18ኛው ሳምንት ብቀልባቸው ኖሮ ከሦስት ኩንታል በላይ በበሉ ነበር። ለገና 30ውን ሸጥኩ፤ ሥጋ ገና ስላልያዙ ገዢው በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ በግራው ዋጋ ይቀንስ ነበር። ወንድ ጫጩት «ወንድ ነው» ተብሎ በዋጋው ቢሸጥ ቅሬታ የለኝም፤ ለዓመት በዓል የሚያደልበው ሰው ይገዛዋል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ የ45 ቀን ቄብ እንድትመርጡ እመክራለሁ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ላባው ወጥቶ፣ የወንዱም በራሱ ላይ ያለው ሥጋ መቅላት ጀምሮ ስለሚሆን የምትገዙትን ታያላችሁ። የአንድ ቀን ጫጩት የግድ ከሆነባችሁ ግን ወረቀቱ ካልተነካ ካርቶን ውሰዱ፤ የዝርያው ስም፣ ጾታው፣ የተፈለፈለበት ቀንና ማሬክስ ለሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባት መሰጠቱ በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኔ ግን በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ስለሆነና እርሱም ገንዘብ መላኬን እንጂ ምን እንደገዛሁ ስለማይናገር፣ አቤቱታዬን የማስረዳበት ነገር አጣሁ።

ለሰውየው አንድ ጊዜ ደውዬለት ነበር። «ቀለሙን አይተህ አይደል የገዛኸው?» አለኝና ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ቢጫ ጫጩት የጫነ ባጃጅ ቆሞ አይቻለሁ። ሻጩ ሌላ ሰው ነበር፤ የካርቶኖቹ ወረቀት ግን እንደ እኔው ተልጧል።