የድሮ ላንድክሩዘር ፒካፕ ኦሪጅናል ቀይ ያስበጠበጥኩበት ቤት፣ ሪቪው

ቤቱ ጥሩ ነው፣ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ግን ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ «ይሄን ቀለም አስመስሉልኝ» ካላችሁ የሚያስመስሉላችሁ ያሳያችኋቸውን ነው እንጂ ኦሪጅናሉን አይደለም። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የማማርረውም ነገር አለ፣ መርካቶ ውስጥ ነው እንበልና እንለፈው።

መኪናው የ40 ሲሪስ ፒካፕ ነው፣ ኤችጄ47፣ ያ 2ኤች ናፍጣ ሞተር ያለው፣ 4 ሊትር አካባቢ። ነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እንዲህ አይነቱን ሸጦ ሌላ ልግዛ ማለት ስለማያዋጣ ማደስ ይሻላል ብዬ ገባሁበት። ሊብሬው ላይ ከለር «ቀይ» ይላል በቃ፣ ቀይ ደግሞ ስንት አይነት ነው! ይሄን ሁሉ አመት እጁ የገባ ሰው ሁሉ በመሰለው ቀይ ሲቀባው ኖሮ ኮፈኑ ሌላ፣ ፓራፋንጎው ሌላ፣ ካሶኒው ፀሀይ በልቶት ሮዝ ሆኗል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው ፕሌት ላይም ቀለም ተነፍቶበት ነበር (የኛ ሰው መቼም ፕሌት ሸፍኖ መንፋት አይሆንለትም)፣ በቲነር ቀስ ተደርጎ ሲጠረግ 309 የሚል ቁጥር ወጣ። 309 ቶዮታ ፍሪቦርን ሬድ የሚለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ70ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ ላንድክሩዘር ላይ ይቀባ የነበረ።

ኮምፒውተር ላይ ያለው ልጅ 309 ሲያስገባ ፎርሙላው ወዲያው ወጣለት፣ «ወንድሜ አለቀ፣ ስንት ሊትር ላድርግልህ?» አለኝ። አላለቀም እኮ! የድሮ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ (ሊድ) ያለበት ፒግመንት፣ ማለትም ከለር የሚሰጠው ዱቄት ነበር፣ ያ ከገበያ እየወጣ ስለሄደ የዛሬው ፎርሙላ በሌላ ፒግመንት የተጠጋጋ ነው እንጂ ያው ራሱ አይደለም። ስለዚህ ኮዱ መነሻ ነው፣ ማረጋገጫ ግን ከመኪናው ላይ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው ያለው ደግሞ ፀሀይ ካላገኘው ቦታ ነው፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ የበሩ ፓነል ሲነሳ ውስጡ፣ የፊት መስታወት ላስቲክ ስር። እኔ እቃ ማስቀመጫ ኪሱን ከክሩስኮቱ ላይ አስፈትቼ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤላቸው ሄድኩ፣ ጀርባው በፖሊሽ ትንሽ ሲታሽ ወዙ ያልወጣ ቀይ ነው ያለው፣ ደስ ሲል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። አንድ በር ወይ አንድ ፓራፋንጎ ብቻ ከሆነ የምትቀቡት ከለር ማንበቢያ ማሽኑ የሚያነበው ከጎኑ ያለውን የደበዘዘ ቀለም መሆን አለበት፣ አለበለዚያ አዲሱ በር ብቻውን ይጮሃል። መኪናው ሙሉ የሚቀባ ከሆነ ግን የደበዘዘውን ማስነበብ ማለት የ40 አመት ፀሀይ ገዝቶ መቀባት ነው፣ ያኔ የተደበቀውን አስነብቡ። ልጁ ይሄን አልጠየቀኝም፣ ማሽኑን ይዞ በቀጥታ ደጅ ወደቆመችው መኪና ኮፈን ሊሄድ ሲል ነው ያስቆምኩት። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

የቤቱ ሀብት ማሽኑ አይደለም፣ ከውስጥ ያሉት ቀለም በጥባጩ ጋሼ ናቸው። ማሽኑ በሰጠው ግራም የተበጠበጠውን በእንጨት ጫፍ አንስተው ክዳኑ አጠገብ ያዙና «ይሄ ወደ ሰማያዊ ሄዷል፣ ቢጫ ይፈልጋል» አሉ፣ እኔ ምንም አልታየኝም ነበር፣ ሚዛን ላይ ጠብ ጠብ አድርገው ቢጫ ጨምረው ደጅ ይዘውት ሲወጡ ነው ልዩነቱ የገባኝ። ቤት ውስጥ በነጭ አምፖል አንድ አይነት የሚመስል ቀለም ፀሀይ ላይ ሁለት ይሆናል፣ ደጅ ሳታወጡ እሺ አትበሉ። እርጥቡን አይታችሁም አትወስኑ፣ እንዲህ ያለ ሜዳ (ብልጭልጭ የሌለው) ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ቁራጭ ላሜራ ላይ ይነፋና ይድረቅ በሏቸው። ትንሽ ያንገራግራሉ፣ ወረፋ አለ ይላሉ፣ ግን ያደርጉታል። የሚነፋበት ላሜራ ላይ ያለው ፕራይመር (የስር ቀለም) ጋራዡ ከሚጠቀመው ጋር አንድ ይሁን፣ ቀይ ስሩን በደንብ ስለማይሸፍን ጥቁር ግራጫ ላይና ነጣ ያለ ላይ ሲነፋ የሚሰጠው ሌላ ሌላ ነው።

ሌላው የተጨቃጨቅነው ክሊር ላይ ነው፣ ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ከለር የሌለው ሽፋን። «ክሊር ካልተነፋበት አያበራም» ይላሉ፣ እነሱ የለመዱት ቤዝ (ከለሩ) ላይ ክሊር መንፋት ስለሆነ አልፈርድባቸውም፣ ግን እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በላያቸው ክሊር አልነበረም፣ ቀለሙ ራሱ ነበር የሚያበራው። ክሊር ሲነፋበት ከለሩ ልክ ሆኖም መኪናው የትናንት ይመስላል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት፣ ክሊር የማይፈልግ ባለአንድ ደረጃ ቀለም አላቸው፣ እሱን አስበጠበጥኩ፣ ወዙ ልክ መጣ። ብቻ ሃርድነሩ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ቀቢያችሁ አፉን በሻሽ አስሮ እንዳይነፋ ደህና ማስክ ግዙለት።

ለግሪሉ ዙሪያ ነጭም እንዲሁ ቸኩለው 040 ሊሰጡኝ ነበር፣ ዛሬ መንገድ ላይ የምታዩት የቶዮታ ነጭ። የነዚህ ነጭ ሲግነስ ዋይት የሚባለው ነው፣ ወደ ክሬም ያደላል፣ ከቀዩ ጎን ሲሆን ልዩነቱ ከሩቅ ያስታውቃል።

ዋጋቸው በአይን ብቻ ከሚበጠብጡት ጎረቤቶቻቸው ይወደዳል፣ ማስነበቢያውን ግን ለብቻው አያስከፍሉም። ጋሼ በጠብታ የጨመሩት ቢጫ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ጣሳው ላይ የመጨረሻውን ግራም በእጃቸው አስጽፉ፣ ነገ ባጃጅ ፓራፋንጎውን ቢጭርባችሁ ያው ቀይ የሚገኘው ከዛች ጽሁፍ ነው።